የሚስስ ኩዎክ ደብተርና የገዛኸኝ ብዕር

ሰዳቢው ገዛኸኝ ነው። ቀኑ ቅዳሜ፣ ጁን አሥራ አንድ፣ ሁለት ሺህ አሥራ አንድ፤ ሰዓቱ ከቀኑ አሥር ተኩል። ቦታው ኦክላንድ፣ ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ያለው አዳራሽ፤ ድግሱ የወይዘሮ ለተስላሴ ልጅ የምርቃት ድግስ። ገረመው ይህንን የትም አልጻፈውም። መጻፍም አላስፈለገው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የልጁ አስተማሪ የነበረች አንዲት ፈረንጅ ድግሱ ላይ ተገኝታለች። «አንድ ሰው ተነስቶ በእንግሊዝኛ ያመስግናት» ተባለ። «ከሁላችንም ቀድሞ እዚህ አገር የገባው ገረመው ነው፣ እሱ ይናገር» ብለው አስነሱት። ብርጭቆውን ይዞ ብድግ አለ። «ቴንክ ዩ» አለ። «ቴንክ ዩ... ቬሪ...» አለና መንገዱ ተዘጋበት። የአንገቱ ደም ሥር እስኪገተር ታገለ፤ አልወጣለትም። ይሄኔ ገዛኸኝ ከማዶ ጠረጴዛ፦

«ኧረ ተዉት እባካችሁ! ገረመው እንግሊዝኛ ሲናገር ጎማው የተነፈሰ ታክሲ ማለት ነው። ሞተሩ ይጮኻል እንጂ ንቅንቅ የለም!»

አርባ ሰው ሳቀ። አርባ አንደኛዋ መንበረ ነበረች፣ የገዛ ሚስቱ። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትከሻዋ ሲርገፈገፍ በዓይኑ አይቷል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ «ገሬ ጎማው» ሆኖ ቀረ። ለቅሶ ቤት እንኳ፣ ሰው ሞቶ፣ «ጎማው መጣ፣ ቦታ ልቀቁለት» ያሉት አሉ።

እንግዲህ አሥራ አራት ዓመት አለፈ። ገረመው አሁን ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ኦክላንድ ውስጥ ላለ የቻይና አረጋውያን መዋያ ቫን ይነዳል። ጠዋት ከአልባኒ ይነሳና ዳውንታውን ኦክላንድ ይጨርሳል፤ አሥራ አንድ ሽማግሌና አሮጊት ለቅሞ መዋያው በር ላይ ያወርዳል፣ ከሰዓት በኋላ በየቤታቸው ይመልሳል። ትምህርቱ ስምንተኛ ክፍል ላይ የቆመ ሰው ነው። ሥራው ግን በልኩ የተሰፋ ነበር። ተሳፋሪዎቹ እንግሊዝኛቸው ከእሱ አይሻልም። «ጉድ ሞርኒንግ» ይሉታል፣ «ጉድ ሞርኒንግ» ይላቸዋል፣ አለቀ። ከቢሮ በሬዲዮ የሚያናግሩትንም «ኦኬ፣ ኦኬ» እያለ ያሳልፈዋል። መንገዱን እንደ መዳፉ ስለሚያውቅ ማንም አልደረሰበትም።

ደብዳቤው የመጣው ማክሰኞ ነው፣ ሳንሆዜ ካለው ዋናው ቢሮ። መሪው ላይ ዘርግቶ ሦስት ጊዜ አነበበው። ሹፌር ሁሉ በቃል የእንግሊዝኛ ፈተና ይፈተናል። ከሬዲዮ የሚሰማውን መረዳቱን፣ ያየውንም መናገር መቻሉን ያሳያል። ያላለፈ ቁልፍ ያስረክባል። የእሱ ቀጠሮ የዛሬ ሦስት ሳምንት፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት።

ሥራው ብቻ ቢሆን ኖሮ ግድ አልነበረውም። በሕይወቱ ስንቱን ሥራ አስረክቧል። የመንበረ ዓይን ነው የያዘው። የዓይን ግፊት አለባት፤ ግራ ዓይኗ ከጠርዝ ከጠርዙ እየጨለመ መጥቷል። ሐኪሟ ሰርጀሪውን ለሚቀጥለው ወር ቀጥሮላታል። «አሁን ያለው ብርሃን ይተርፋል፤ ከዘገየን ግን የሄደው አይመለስም» ብሏቸዋል። ኢንሹራንሱ ደግሞ በገረመው ሥራ ነው። የመንበረ ዓይን ከቫኑ ቁልፍ ጋር በአንድ ቀለበት ተንጠልጥሏል ማለት ነው።

አልነገራትም። በማግስቱ ጠዋት ሻይ ስትቀዳለት ከስኒው ጎን ጠረጴዛው ላይ አፈሰሰችው። አላየችውም። እሱ ድምፅ ሳያሰማ በእጅጌው ጠረገው።

«ገሬ፣ ምን ሆነሃል? ምግቡን ትነካካዋለህ እንጂ አትበላም።»

«ምንም። ትራፊኩ ነው።»

«ትራፊክ ሆድ ይዘጋል እንዴ?»

«የዚህ አገር ይዘጋል» ብሏት ወጣ። ቢነግራት ታዝንለታለች። ያን ሳቋን ያየ ሰው ደግሞ ሐዘኗን እንዴት አድርጎ ይችላል?

ዓርብ ማለዳ፣ ለሥራ ሳይወጣ፣ ዓንዶም ደወለለት። ዓንዶም ሸምገል ያለ ኤርትራዊ ነው፤ ሳንሆዜ በኩል የዚሁ ድርጅት ቫን ሲነዳ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር።

«ገረመው ሓወይ፣ እኔ አስረክቤ ወጣሁ» አለው።

«ምን አስረከብክ?»

«ቁልፉን ነዋ! ወደቅኩ። ስማኝ፣ ቃሉን እኮ አውቀዋለሁ። ሉክ ማለት ማየት አይደለም? እነሱ ከኋላው ትንሽ ትንሽ ነገር ይቀጥሉበታል። ሉክ አፍተር ሲሉ መንከባከብ፣ ሉክ ኢንቱ መመርመር፣ ሉክ አውት ተጠንቀቅ! አንዱን ስይዝ ሌላው እያመለጠኝ... በእርጅናዬ ላብ በላብ አድርገው ሰደዱኝ።»

«ማነው የሚፈትነው?»

«አንዲት ፈረንጅ ናት። ደግ ትመስላለች። አጠገቧ ግን ያ የእናንተው ሰውዬ አለ። ገዛኸኝ። ሱፐርቫይዘር ሆኗል አሉ። ብዕር ይዞ ጥግ ላይ ቁጭ ብሎ ይጽፋል።»

ከገረመው ደረት ውስጥ አንድ ነገር ተነቅሎ ቁልቁል ወረደ፣ ጉልበቱ ጋ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ ቀን ወዲያ ጉልበቱ ላይ እንደተቀመጠ ነው፤ ደረጃ ሲወጣ ያንቀጠቅጠዋል፣ ፍሬን ሲይዝ ያንቀጠቅጠዋል።

ይህንን ያወቀችበት አንዲት ሰው ብቻ ናት፤ ሚስስ ኩዎክ። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። ሁልጊዜ ከሹፌሩ ኋላ ያለችውን ወንበር ይይዛሉ፤ ሌላ ሰው ከተቀመጠባት ቆመው ይጠብቃሉ እንጂ አይሳፈሩም። ከእሳቸውና ከገረመው መካከል ለሦስት ዓመት ያልተቋረጠ አንድ ሥርዓት አለ። ጠዋት ሲገቡ አንዲት መንደሪን ይሰጡታል። ገረመው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ኖ፣ ኖ፣ ቴንክ ዩ» ይላል። እንደገና ይዘረጉለታል። «ኖ ሚስስ ኩዎክ፣ ፕሊስ» ይላል። በሦስተኛው ቆጣ ብለው ደረቱ ላይ ይለጥፉበታል፤ ይሄኔ በሁለት እጁ ይቀበላል። እሳቸውም የሰጡት በሁለት እጃቸው ነው። አሜሪካ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሲኖር፣ የመጀመሪያው እምቢታ ጨዋነት፣ ሁለተኛው ማክበር መሆኑን የምታውቅ፣ ከአገሩ ልጅ ሌላ፣ እሳቸውን ብቻ አገኘ። ሌላው «ኖ» ካልከው ዕቃውን አንስቶ ይሄዳል።

ታዲያ ያቺን ዓርብ መንደሪኑን ሲቀበል ፍሬዋ ከእጁ አምልጣ ወደቀች። አሮጊቷ መሪው ላይ የተጣጠፈውን ደብዳቤ አዩ፣ እጁንም አዩ። ሰኞ ጠዋት ማዕዘኑ በፕላስተር የተያያዘ ጥቁር ደብተር ይዘው መጡ።

ሚስስ ኩዎክ በአገራቸው ሠላሳ ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማሩ ሴት ነበሩ። ሆኖም በስድሳ ሁለት ዓመታቸው ኦክላንድ ሲገቡ የአውቶቡስ ሹፌር የሚለው አልገባቸውም። «እኛ ተማሪ ትልቅ ቃል ይወዳል» አሉት በዚያ በተሰባበረ ንግግራቸው፣ ጣታቸውን ወደ ሰማይ ቀስረው። «ፖስትፖን! ኤንተር! ሪተርን! አሜሪካን ሰው ትልቅ ቃል አይልም። ትንሽ፣ ትንሽ። ፑት ኦፍ። ጌት ኢን። ካም ባክ። እኔ ዕውር ነበርኩ።» ማዘግየት፣ መግባት፣ መመለስ ለማለት ነው። ስለዚህ አውቶቡስ ላይ፣ ገበያ ላይ፣ ክሊኒክ ወረፋ ላይ የሰሙትን ሁሉ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ለቀሙት። በግራ እንግሊዝኛው፣ መሃል ላይ እንደ ጉንዳን የተደረደረ ቻይንኛ። በቀኝ በኩል ያለውን ባዶ ኅዳግ በጣታቸው መታ መታ አድርገው «ያንተ» አሉት።

መዋያው በሩን የሚከፍተው ሦስት ሰዓት ነው፤ እነሱ ሩብ ጉዳይ ይደርሳሉ። ያቺ አሥራ አምስት ደቂቃ ትምህርት ቤት ሆነች። አሮጊቷ ያለ ትርጉም፣ በእጅ ብቻ አስተማሩት። መነጽራቸውን አውልቀው ቴክ ኦፍ፤ አድርገው ፑት ኦን። ሌሎቹ ሽማግሌዎችም ገቡበት፤ አንዱ ክራንቹን ጥሎ ፎል ዳውን እያለ መሬት ላይ ወድቆ ሲንፈራገጥ፣ የሞተ መስሏቸው ነርሶች እየሮጡ ወጥተዋል። አንድ ቀን መንደሪን አነሱና ፒክ አፕ አሉ። መንደሪኗን በሁለት መዳፎቻቸው መካከል አድርገው ደግሞ፣ «ስሙን ከጠራህ ኋላ ይሄዳል፤ ፒክ አፕ መንደሪን። ሂም ከሆነ፣ ሄር ከሆነ፣ ትንሽ ሰው ነው፣ ይፈራል። መሃል ይቀመጣል። ፒክ ሂም አፕ» አሉት። ገረመው ሕፃን በእናትና በአባት መካከል ታይቶት፣ ከዚያ ወዲያ አልተሳሳተም።

ያስገረመው ነገሩ እንግዳ አለመሆኑ ነው። እኛም እኮ ብድግ አለ፣ ቁጭ አለ፣ እልም አለ፣ ከች አለ እንላለን። «አለ» ያው አንዱ «አለ» ነው፤ ወዴት እንደሚሄድ የምትነግረው ያቺ ከፊቱ የተቀመጠች ብጣሽ ቃል ናት። ይህንን ለሚስስ ኩዎክ በእጁ፣ በወገቡ፣ እየተነሳ እየተቀመጠ አስረዳቸው። አሮጊቷ አጨበጨቡ። በቻይንኛም ግሱን ተከትሎ የሚወጣና የሚወርድ ቃል እንዳለ በጣታቸው አሳዩት። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ኅዳጉ በፊደል ሞላ። የአማርኛው መስመር ከቻይንኛው ጎን ተሰልፎ ሲያየው፣ ገረመው ራሱን ሰው ሆኖ አገኘው።

ፍርሃቱ ግን አልቀነሰም። እንዲያውም ባሰበት። ድሮ የማያውቀውን ነበር የሚፈራው፤ አሁን እያወቀ እንደሚዘጋበት ነው የፈራው። መስታወት ፊት ቆሞ ሁሉንም ይላል። በዓይነ ሕሊናው ገዛኸኝን ጥግ ላይ ሲያስቀምጠው ግን ምላሱ ላንቃው ላይ ይጣበቃል።

የፈተናው ዕለት ጠዋት መንበረ በሩ ላይ ኮሌታውን አስተካከለችለት። በመዳፏ ዳስሳ ነው ያስተካከለችው። «ዛሬ ምነው እንዲህ ለበስክ?» አለችው። «ስብሰባ አለ» አላት። ሳንሆዜ እስኪደርስ በስምንት መቶ ሰማንያ ሃይዌይ ላይ የቀኙን መስመር አልለቀቀም። ኪሱ ውስጥ ትናንት የተቀበላት መንደሪን አለች።

ክፍሉ ነጭ ነው፤ መስኮት የለውም። ቀይ መነጽር ያደረገች ፈረንጅ ተነስታ ጨበጠችው። ጥግ ላይ ገዛኸኝ አለ። ጢሙ ሸብቷል፣ ባጅ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ብዕሩን በጣቶቹ መካከል ያሽከረክራል።

«አቶ ገረመው! እንዴት ነዎት?» አለው፤ «ነዎት»ዋን ረገጥ አድርጎ።

«ደህና» አለ ገረመው።

ሴትዮዋ ሥዕል ታሳየዋለች፣ እሱ የሚያደርገውን ይናገራል። የመጀመሪያው ቫን ነው፣ ከኋላው የፖሊስ መብራት። «አይ ፑል ኦቨር» አለ፤ ዳር ይዤ እቆማለሁ ማለቱ ነው። ራሷን ነቀነቀች። ሁለተኛው አስፋልት ዳር የቀረ ሽማግሌ ነው። «አይ ጎ ባክ። አይ ፒክ ሂም አፕ።» ትንሹን ሰው መሃል አስቀመጠው። ሴትዮዋ ፈገግ አለች። ሦስተኛውንም አለ። አራተኛውን ልታሳየው ስትል ጥጉ ውስጥ ብዕር ጫር ጫር ሲል ተሰማ። ገረመው ሳያስበው ዞር አለ። ገዛኸኝ አንድ ነገር ጽፎ ነበር፣ ጽፎም ለራሱ ፈገግ ይል ነበር።

ምን ጻፈ?

ሥዕሉ ፊቱ ላይ ተይዟል። ያየዋል። ዊልቸር ላይ ያለች ሴት፣ የቫኑ መወጣጫ። ቃሉን ያውቀዋል፣ በኅዳጉ ላይ የቱ ጋ እንዳለም ያውቃል። ግን ሞተሩ ጮኸ፣ ንቅንቅ የለም። አርባው ሰው ሳቀ። ነጠላ አፏ ላይ ያደረገች ሴት ትከሻዋ ተርገፈገፈ። ላብ ከብብቱ ተነስቶ በጎኑ ወረደ። ሴትዮዋ ጠበቀች። አምስተኛውን አወጣች፤ ዝም። ስድስተኛውን አወጣች፤ ዝም።

ሴትዮዋ ካርዱን አስቀምጣ በለሰለሰ ድምፅ ተናገረችው። የቀረውን ቫን ውስጥ ሆነህ እየነዳህ ብትሠራው ትወዳለህ ወይ? አንዳንድ ሹፌር እዚያ ይሻለዋል፣ አለችው። ሁሉም ገባው። የሰማይ በር ተከፈተለት።

እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ጎንበስ አለ። «ኖ፣ ኖ፣ ቴንክ ዩ» አለ።

ካለ በኋላ ጠበቀ። እንደ ወጉ ሁለተኛውን ጠበቀ።

ሴትዮዋ «ኦኬ» አለችና ወረቀቱ ላይ ምልክት አደረገች።

ያን ጊዜ ነው ያደረገው የገባው። ይህች ሚስስ ኩዎክ አይደለችም። በዚህ አገር እምቢ ያለ እምቢ አለ። «ኧረ እፈልጋለሁ» ሊላት አፉን ከፈተ፤ ግን ደግሞ አንዴ አልፈልግም ያለውን ነገር መልሶ ስጡኝ ማለት፣ ያውም በገዛኸኝ ፊት! አፉ ተከፍቶ ቀረ። ሴትዮዋ ካርዶቹን ሰብስባ በላስቲክ ማሰር ጀመረች። የመንበረ መዳፍ ኮሌታው ላይ ተሰማው፣ ሲዳስስ። ጠረጴዛው ላይ የፈሰሰው ሻይ ታየው። ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ከመንደሪኗ ጋር ነው፤ አሁን አውጣ ትለዋለች።

ከጥጉ ሳቅ ተሰማ።

«እንደገና ጠይቂው» አላት ገዛኸኝ በእንግሊዝኛ። «በእኛ አገር የመጀመሪያው ኖ ኖ አይደለም። እነዚህ ያረጁት እንዲህ ናቸው፣ ሲለመኑ ይወዳሉ። እየራባቸው ጠገብኩ ይላሉ። ካልጎተትሽው አይወጣም።»

ሴትዮዋም ሳቀች። በክፋት አልነበረም። «ኦ! እንደዚያ ከሆነማ...» ብላ ዞረች። «ቫኑ ይሁን?»

«ዬስ» አለ ገረመው። ድምፁ የራሱ አልመሰለውም።

ያዳነው ሰው ባዳነበት አፍ ሰደበው። ድሮ ቢሆን ኖሮ በእንግሊዝኛ የተባለው ባልገባው፣ «ረዳኝ» ብሎ ባመሰገነው። ሚስስ ኩዎክ ጆሮውን ከፍተውለታል፤ አንዲትም ቃል አላመለጠችው።

ቫን ውስጥ ሴትዮዋ ከኋላው፣ የሚስስ ኩዎክ ወንበር በሚሆነው ላይ ተቀመጠች። ሬዲዮው ተከፈተ፤ ድምፁ የገዛኸኝ ነው። ግን መሪው እጁ ውስጥ ነበር፤ ሰውዬውም አይታይም፣ ድምፅ ብቻ ነው። ተርን አራውንድ አለ፤ ዞረ። ባክ አፕ አለ፤ ወደ ኋላ ሄደ። ስሎው ዳውን አለ፤ ፍጥነት ቀነሰ። ፑል ኦቨር። «ተሳፋሪዋን ምን ልታደርጋት ነው?» ሲለው «አይ ድሮፕ ሄር ኦፍ፣ አይ ሄልፕ ሄር ጌት ዳውን» አለ፤ አደርሳታለሁ፣ ስትወርድም እደግፋታለሁ ማለቱ ነው። ሃያ ደቂቃ ነዳ። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተለጥፎ ሲመለሱ ሴትዮዋ ወረቀቱን ፈርማ ሰጠችው። አልፏል። ከታች አንዲት መስመር ነበረች፦ በስድስት ወር ውስጥ ድጋሚ ይታያል፤ የሚያየውም ሱፐርቫይዘሩ ብቻውን ነው።

ገረመው በመኪና ማቆሚያው መሃል ወደ ራሱ መኪና ሲሄድ ከኋላው የጫማ ድምፅ ሰማ።

«ገሬ! አንተ ጎማው ተነፋ እኮ!» ገዛኸኝ እየሳቀ ደረሰበት፣ ትከሻውን መታው። «ባልነግራት ዛሬ ቁልፍህን አስረክበህ ነበር። ታውቃለህ አይደል?»

ገረመው ቆመ። የሰውዬውን ፊት አየ። ክፋት ፈለገበት፤ አላገኘም። ያንን ቅዳሜ ፈለገበት፤ እሱንም አላገኘም። ሰውዬው ረስቶታል። አሥራ አራት ዓመት የተሸከመውን ነገር፣ ያሸከመው ሰው መንገድ ላይ ጥሎት ሄዷል።

«እሑድ ምሳ እኛ ጋ ና» አለ ገዛኸኝ። «መንበረንም ይዘሃት ና። ባለቤቴ ዘርትሁን ደስ ይላታል።»

ገረመው የወረቀቱን ጫፍ በጣቱ ዳሰሰ። ስድስት ወር። ያ ብዕር ገዛኸኝ ደረት ኪስ ላይ ተሰክቷል።

«ኧረ ባክህ እንዳትግደረደር! የአገር ልጅ አይደለን?»

ገረመው ፊቱን አዞረ። መኪናው በሃያ እርምጃ ርቀት ላይ ናት። ጉልበቱ ላይ የተቀመጠው ነገር እንደተቀመጠ ነው፤ ቢሆንም እግሩ ተነሳ።

«ገሬ! በሞቴ!»

ሦስተኛው ነበር፤ በወጉ እሺ የሚባልበት። ገረመው መንደሪኗን ኪሱ ውስጥ ጨብጦ ወደ መኪናው ሄደ።